ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻ

ስፖንጅ ቤታችን በገባበት ቀን አባዬ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማበጠር ነበር። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አወጣው፤ ነጩን መሸፈኛ ጨርቅ ከሥሩ አነጠፈለት፤ ጥርሰ ደቃቁን ማበጠሪያ አንስቶ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ሳበው። ደግሞ ሳበው። ከዚያ ጨርቁን በጫፍና በጫፉ ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረገው።

«እዩት» አለ። «አንዲት ዘለላ የለችም።»

ውሻውን ያመጣው የአባዬ የድሮ ደንበኛ ነው። ሩቅ መንገድ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። በሩን ተደግፎ ቆሞ፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ደረቱን ነፋ።

«ነግሬሃለሁ እኮ። ይሄ ዘር ፀጉሩ አይረግፍም። አለርጂ የሚባል ነገር አያመጣም። ለበሽተኛ ሰው ተብሎ ነው ያዳቀሉት። ሰዎቹ እንደዚያ ነው የነገሩኝ።»

«የትኞቹ ሰዎች?» አለች እማዬ ከመጋረጃው ኋላ።

«የሸጡልኝ ናቸዋ።»

«እንግዲያማ አይዋሹም» አለች።

ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። አባዬም ሳቀ፤ ጨርቁን ግን እንደያዘ ነበር። ስለ ፀጉር አባዬን የሚያህል አዋቂ በሰፈሩ አልነበረም። ሰው አናቱን ሲያስነካው ታሞ መክረሙን፣ ሳሙና መቀየሩን፣ መላጣ ሊሆን መቃረቡን ይነግረው ነበር። ስለዚህ ያ ነጭ ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ ሳየው ለእኔ ነገሩ አበቃ። ውሻው ተመርምሮ አልፏል።

ስፖንጅ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥቅልል ያለ፣ ስትጫኑት የሚሰምጥ፣ ስትለቁት የሚነሳ ፀጉር ነበረው። ስምንት ዓመቴ ገደማ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ፤ እማዬ «መርፌ የተሰካበት ወንበር ላይ ነው እንዴ የምትቀመጪው?» ትለኝ ነበር። ከስፖንጅ ጋር ከመንገዱ እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ እስከ መንገድ ስንሮጥ መጋረጃውን ከሽቦው እየነቀልን እንጥለዋለን።

መጋረጃው የቤታችን ግድግዳ ነበር። ከፊቱ ፀጉር ቤቱ ነው፤ መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ አልኮል የሚሸት መደርደሪያ፣ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ ሬዲዮ። ከኋላው እኛ ነን፤ አልጋ፣ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ ምድጃ። መስኮት አልነበረም። እማዬ ከኋላ ሆና ስታስነጥስ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ የማታውቀው ሰውዬ ከፊት ሆኖ «ይማርሽ» ይላታል። እኔ ይሄን በዓለም ላይ ካለ ነገር ሁሉ የሚያስቅ አድርጌ ነበር የማየው። እማዬ ለምን እንደማትስቅ አይገባኝም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ጩጬ ያን ጊዜ ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። (ዛሬ ጢሙ ሸብቷል፤ አሁንም ጩጬ ነው።) ስፖንጅ ከመጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ተባለ። ከዚያ ከቀትር በኋላ ሶፋው ላይ ተኝቶ ሲነሳ ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ ትከሻው ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ወደ ጆሮው እየወጣ፣ የሚናገረውን ቃል መጨረስ ሲያቅተው እማዬ ታቅፋው መንገድ ላይ ትወጣለች። አየር ፍለጋ። መኪና እያለፈባት፣ ሰው እየተጋፋት፣ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች።

«ውሻው ነው» አለ አንድ ደንበኛ።

«ይሄኛው አይደለም» አለ አባዬ። «ይሄኛው ፀጉሩ አይረግፍም።»

«እንግዲያ ፀጉሩን ጭራሽ ላጨውና ይለይላችሁ።»

ቀልድ ነበር፤ አባዬ ግን አሰበበት። በማግስቱ ስፖንጅን ወንበሩ ላይ አወጣው፤ መሸፈኛውን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ ማሽኑን ከፈተ። ያን ቀን ፀጉር ቤቱ ለሰዉ አልበቃም። አንዱ «ጎኑን አጠር፣ ከላይ ተወት» ይላል። ሌላው «ወረፋዬን ወሰደብኝ፤ ለመሆኑ ስንተኛ ነው ይሄ?» ይላል። ስፖንጅ በመስታወቱ ራሱን እያየ ዝም ብሎ ተላጨ። ሲያልቅ ሮዝ ቆዳው ታየ፤ ራቁቱን የቀረ ትንሽ ሽማግሌ መሰለ። ብርድ እንዳይመታው ብዬ የጩጬን ሹራብ አለበስኩት፤ ማታ ጩጬ ያንኑ ሹራብ ለበሰ።

ሳምንት ሳይሞላ ጩጬ ባሰበት። አባዬ አንገቱን እየነቀነቀ «እንግዲህ ፀጉር የለውም» አለ። «ፀጉር በሌለው ነገር ምን እንላለን?»

አባዬ የሚመለከተው ፀጉሩን ነበር፤ ሙያው ነዋ። ጥፋቱ ግን ፀጉሩ ውስጥ አልነበረም። በውሻው ምራቅና እንደ ዱቄት ከቆዳው በሚረግፈው ነገር ውስጥ ነበር፤ ያ ደግሞ ዘር አይመርጥም። የተላጨ ቆዳ ሲፋቅና ሲላስ እንደሚውል ያወቅኩት ብዙ ዘግይቼ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አባዬ ከእኔና ከስፖንጅ ጎን መቆሙን ብቻ ነበር።

እማዬ ጩጬን ሐኪም ቤት ስትወስደው እኔም ተከተልኳት። ሐኪሟ ደረቱን እያዳመጠች ጠየቀች፤ «ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?»

«ውሻ አለ።»

«ሌላስ? ጭስ፣ አቧራ?»

እማዬ የጩጬን ካልሲ ሳብ አደረገች። «ባለቤቴ ፀጉር ቆራጭ ነው። ከኋላው ነው የምንኖረው። በመጋረጃ ነው የተከለለው።»

ሐኪሟ የጆሮዋን ማዳመጫ አወረደች። «ፓውደር፣ ሽቶ፣ የሚበን ፀጉር… እሱም ሊሆን ይችላል። ለይቶ የሚያሳየው የቆዳ ምርመራ እዚህ የለንም። እንግዲህ በየተራ እያወጣችሁ ሞክሩ። መጀመሪያ ውሻውን።»

ሌላም ብዙ ነገር ተናገረች። እኔ ግን ጥግ ያለው ሚዛን ላይ ወጥቼ እየዘለልኩ መርፌው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ነበር። ከንግግሯ የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው፤ «ማጠብ»፣ «ጊዜ ይወስዳል»፣ «አትቸኩሉ»። እማዬ ራሷን ትነቀንቃለች። በመንገድ ስንመለስ ጩጬን አዝላ በጣም ፈጠነችብኝ።

«እማዬ፣ ስፖንጅ ይባረራል?»

«ለጊዜው ነው።»

«ጩጬ ካልተሻለውስ?»

«ካልተሻለው» አለች፤ «ውሻው አይደለም ማለት ነዋ።»

ይህን ስትል ዞር ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ለእኔ ያዘነች የመሰለኝ ነገር ነበር። እጇን ያዝኩ። ስፖንጅ ነፃ የሚወጣበት በር እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬም ከእኛ ወገን ነች ብዬ አመንኩ።

ስፖንጅን ሹፌሩ ግቢ አስቀመጥነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ። ያ ወር ማንም ሰው አርፎ የተቀመጠበት አልነበረም። አባዬ ደንበኛ በሸኘ ቁጥር ወለሉን በውኃ ያረጥባል፤ ከዚያ ይጠርጋል፤ ከዚያ እንደገና ያረጥባል። ፓውደሩን ተወው። ሽቶውን ተወው። «ዛሬ ምነው ሽቶ የለም?» ሲሉት «አልቋል» ይላል፤ ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ሙሉ ሆኖ እየታየ። ከመጋረጃው ላይ ሌላ ወፍራም መጋረጃ ደረበበት። ወደ ኋላ ከመግባቱ በፊት ሸሚዙን አውልቆ መንገድ ላይ ያራግፋል፤ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። እማዬ ሳህን እንደያዘች ቆማ ታየዋለች እንጂ አታናግረውም።

ስፖንጅ ሲሄድ አባዬ ጽዳት የሚወድ ሰው ሆነ ብዬ ነበር። ለምን እንደሚያጸዳ አልጠየቅኩም። የሚመረመረው ውሻው ነዋ፤ ፀጉር ቤቱ ከነወንበሩ ችሎት ፊት መቆሙን ማን ይነግረኛል?

ትልቋ አክስቴ፣ የእማዬ እህት፣ በዚያ ወር ደጋግማ ትመጣ ነበር። ስትገባ ደንበኞቹን አታይም፤ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ታልፋለች። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጩጬ ሶፋው ላይ ተኝቶ እኔ ከሶፋው ኋላ ተጋድሜ ነበር። እዚያ የስፖንጅ ሽታ ስላለ።

«ይሄን ምንጣፍ አላጠብሽውም?» አለች አክስቴ።

«አላጠብኩትም።»

«ሶፋውስ? ውሻው ሲንከባለልበት የከረመ አይደለም እንዴ?»

«ይቆይ።»

«ምን ይቆያል? አንቺ እኮ ሳምንት በመጣ ቁጥር ይሄን ምንጣፍ አውጥተሽ ካልደበደብሽው እንቅልፍ የማይወስድሽ ሴት ነሽ።»

«ይቆይ አልኩሽ እኮ።»

ከመጋረጃው ወዲያ መቀስ ይንጫጫል። አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጁን ይዘሽ እኔ ጋ ነይ ብዬሻለሁ። ሁለት ክፍል አለኝ።»

«ትዳሬን ትቼ?»

«እሱ ይሄን ሱቅ አይተውም። ስንቴ ለመንሽው?»

«ወሩ ይለቅና እናያለን» አለች እማዬ። «ከዚህ መጋረጃ ኋላ ነው ልጅነቴ ያለቀው። ሳል ሲይዘኝ እንኳ አፌን በትራስ ይዤ ነው የምስለው። አንድ ወር ልታገሥ።»

ከሶፋው ኋላ ሆኜ ይህን ሁሉ ሰማሁ፤ የገባኝ ደግሞ ይህ ነው፤ እማዬ ምንጣፉን ያላጠበችው ለእኔ ብላ ነው። የስፖንጅ ሽታ እንዳይጠፋብኝ። አክስቴ ስትሄድ ወጥቼ የእማዬን እግር አቀፍኩ። እማዬ ደነገጠች፤ «እዚህ ነበርሽ?» አለችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችኝና ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ሳህን።

የውሻ ብናኝ ውሻው ከሄደ በኋላም በምንጣፍና በሶፋ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ካልታጠበ፣ ካልተራገፈ፣ ልጁ በዚያው ላይ ከተኛ፣ ውሻው ኖረ አልኖረ ለልጁ ደረት ልዩነት የለውም። ሐኪሟ ያን ቀን እኔ ሚዛኑ ላይ ስዘል የተናገረችው ይህን ይመስለኛል። አባዬ አብሮን አልሄደም ነበር። ሐኪሟ የተናገረችውን ለእሱ የነገረችው እማዬ ናት።

ጩጬ አልተሻለውም። ሲተኛ ከአጠገቡ እቀመጥና ጆሮዬን ደረቱ ላይ እለጥፋለሁ። ሲር ሲር ካለ ስፖንጅ ሊመለስ ነው። ጸጥ ካለ ግን እነሳለሁ፤ እቀመጣለሁ፤ እንደገና አዳምጣለሁ። ለወንድሜ ክፉ ተመኝቼ አልነበረም፤ መታመሙን እንደ ምስክር ቃል ብቻ ነበር የምሰማው።

በወሩ መጨረሻ ገደማ አንድ ቀን አባዬ የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝቶ በሩ ላይ ሸሚዙን ሲያራግፍ የጩጬ ደረት ከኋላ ማፏጨት ጀመረ። ድምፁን የተደረበው መጋረጃ አላገደውም። አባዬ ሸሚዙን በእጁ እንደያዘ፣ ደረቱ ራቁቱን እንደሆነ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። የጠረገው ወለል ያብለጨልጫል። አንድም ፀጉር የለበትም።

ሮጬ ደረስኩበት። «አባዬ፣ ስፖንጅ አይደለም ማለት ነው አይደል?»

ቁልቁል አየኝ። እየዘለልኩ ነበር።

«አይደለም ማለት ነው፣ ልጄ» አለ።

ከዚያ አባዬ ሱቁን ዘጋ፤ ሁሉም በፍጥነት ነው የሆነው፤ በእኔ ትዝታ ሁሉም ነገር አንድ የደስታ ቀን ነው። ሁለቱ ወንበሮች በጋሪ ሲወጡ ስፖንጅ ከኋላቸው ሲጮህ፣ እኔ ከስፖንጅ ኋላ ስጮህ። መስታወቱን አራት ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡ መንገዱ በሙሉ፣ ሰማዩም ጭምር፣ በውስጡ ሲያልፍ። ደንበኞች አባዬን ጨብጠው ሲሰናበቱት ዓይናቸውን ከፊቱ ያሸሹ ነበር። «የልጅ ነገር ነው» ይሉታል። «ምን ይደረጋል፣ የልጅ ነገር ነው» ይላቸዋል። አባዬ የበሩን ቁልፍ ለአከራዩ ሲሰጥ እኔ የስፖንጅን የፊት እግሮች ይዤ አስጨፍረው ነበር።

አዲሱ ቤት ከከተማው ዳር ነበር። መስኮቶች ነበሩት። ግቢም ነበረው፤ እማዬ ከመጀመሪያው ቀን «ውሻ ቤቱ ግቢ ነው» አለች፤ ስፖንጅ ከዚያ በኋላ አንድ ቀንም የቤቱን ደፍ አልረገጠም። ምንጣፉን በገባን በሳምንቱ አጠበችው፤ ሶፋውን ለወጠችው። በሁለት በሦስት ወር ጩጬ እንደ ሌላው ልጅ ይሮጥ ጀመር። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር መስኮቶቹን እየከፈተች «ከዚያ ፀጉር ተገላገልን፤ ልጄ ተነፈሰ» ትላለች። አባዬም አብሮ ይስቃል። እሷም ትንፋሽ አገኘች፤ መዝፈን እንደምትችል ያወቅነው እዚያ ቤት ነው።

አባዬ መሃል ከተማ ያለ ትልቅ ፀጉር ቤት ተቀጠረ። በረድፍ ከቆሙት ወንበሮች ሦስተኛው ላይ። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስኮቱ አየሁት፤ ከእሱ በዕድሜ የሚያንስ ሰውዬ ከኋላው መጥቶ በጣቱ የደንበኛውን ጆሮ ግንድ እያሳየ አንድ ነገር ሲነግረው፣ አባዬም እሺ ብሎ ሲያስተካክል። ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ወንበር ኋላ ቆሞ ኖረ።

ስፖንጅ አርጅቶ ሞተ። ነገሩም ከእሱ ጋር የሚቀበር መስሎ ነበር። ዘንድሮ ግን የጩጬ ልጅ ውሻ ግዙልኝ ብላ እንቅልፍ ነሳችው። የሚሸጠው ሰውዬ ደግሞ «ይሄ ዘር አለርጂ አያመጣም፤ ፀጉሩ አይረግፍም» ይላል። ሹፌሩ ከመቃብር ተነስቶ የተናገረ ነው የመሰለኝ። ጩጬ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ከመግዛቱ በፊት ልመርመር አለ። ሐኪሙ ክንዱን እየጫረ ጠብታ ጠብታ አደረገበትና እስኪያብጥ ሲጠብቁ አሳቀው። «ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻ አውቃለሁ» አለው። «የማይልስ ውሻ ግን አላጋጠመኝም።»

ጩጬን ያገኘሁት የአባዬና የእማዬ ግቢ በር ላይ ስደርስ ነው። ልጄን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ የልጄን ፀጉር የሚቆርጠው እስከ ዛሬ አባዬ ነው። ጩጬ በሩን ሳያንኳኳ ቆሟል። እጅጌውን ሰብስቦ አሳየኝ። በክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር የተጻፈባቸው ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ የሳንቲም ያህል ቀልቶ አብጧል።

«ውሻ» አለኝ። «ሌላው ሁሉ ምንም የለውም። ፓውደሩንም ሽቶውንም ነግሬው ነበር፤ እነሱ ቢሆኑ ኖሮ አባትህ ሲተዋቸው ይሻልህ ነበር፣ ደግሞ እስከ ዛሬ ፀጉር ቤት ገብተህ ታምመህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። አላውቅም። ያን ጊዜ ምንጣፉ ታጥቦ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«አልታጠበም» አልኩት።

ጩጬ እጅጌውን መለሰ፤ ቁልፉን ሳተ፤ እንደገና ቆለፈ።

«ሱቁን በከንቱ ነው የዘጋው» አለ። «በእኔ ሳቢያ።»

«በአንተ አይደለም።»

«በማን ነው ልንለው ነው ታዲያ? እማዬ እዚያው ተቀምጣ?»

«አንነግረውም።»

«አንነግረውም» አለና በሩን አንኳኳ።

አባዬ ልጄን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ ሥራ ጀመረ። እማዬ ፎጣ አጣጥፋ በእጇ እንደያዘች ቆማለች። ስለ ውሃው ቧንቧ፣ ስለ ጎረቤቱ አጥር አወራን። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ ሦስት ወንበር ቀየርኩ።

«ምነው አንቺ፣ ዛሬም መርፌ ነው?» አለች እማዬ።

ጩጬን ክንዱ በላው። መጀመሪያ በሸሚዙ ላይ አሸው። ከዚያ ሳያስበው እጅጌውን ሰብስቦ አከከው። አባዬ ማሽኑን አጠፋ።

«አምጣው እስቲ።»

«ምንም አይደል አባዬ፣ ምርመራ ነው።»

«አምጣው አልኩህ እኮ።»

የጩጬን ክንድ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ አወጣ፤ አወረደ። እያንዳንዱን ነጥብ በአውራ ጣቱ እየነካ አለፈ፤ ያበጠው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከአጠገቡ ያለውን ቆዳ ጫን አድርጎ ለቀቀ። እማዬ ከኋላው አትንቀሳቀስም።

«ይሄ የምንድን ነው?»

«የድመት» አለ ጩጬ።

አባዬ እንደገና ጫን አደረገው። ጣቱ እዚያው ነበር።

«ትልቅ ድመት ነው» አለ።

ማንም አልሳቀም። እሱም የሚያስቀን አልመሰለም። ክንዱን ቀስ ብሎ ለጩጬ መለሰለት፤ ማሽኑን አነሳ፤ ፊቱን ሳያዞር እማዬን ጠየቃት።

«እኛ ቤት ድመት ነበር እንዴ?»

እማዬ ያጣጠፈችውን ፎጣ ፈትታ እንደገና አጠፈችው።

«አልነበረም» አለች።

«አልነበረም» አለ እሱም። ማሽኑን ከፈተው። የልጄን ጭንቅላት በሁለት ጣቱ ዘንበል አድርጎ ከጆሮው በላይ አንድ መስመር ወሰደና እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። «ፎጣውን አቀብዪኝ እስቲ።»

አቀበለችው። እሱ ጫፉን ይዞ ሳበ፤ እማዬ ግን ቶሎ አልለቀቀችውም።